ምክንያት ሳይሞላ አያልፍም

"ስሜን ያስወጣኸው አንተ ነህ?"

መንግሥቱ የመኪናውን መስኮት ዝቅ ሲያደርግ መጀመሪያ የገባው ብርዱ ነው፤ የዘውዴ ድምፅ ተከተለው። ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ ካሌደን ባለው የጠጠር ማውጫ በር ላይ ገና አልነጋም። ሃያ ምናምን ገልባጭ መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው ወደ ሚዛኑ ተሰልፈዋል። ዘውዴ ከኋላ ከቆመው የራሱ መኪና ወርዶ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳይቆልፍ፣ የመንግሥቱን መኪና ደረጃ ወጥቶ በሩን ጨብጦ ቆሟል።

"ማን ነገረህ?" አለ መንግሥቱ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ መንግሥቱ ራሱ ከተመለጠ ቆይቷል፣ አፉ ግን የዚያን ጠዋት ነው ያመለጠው። ከረቡዕ ጀምሮ በሆዱ ይዞት የሚዞረው ነገር በሌላ በኩል ተሰምቶ የመጣ መሰለው። እንዲያውም አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ የወዳጁን ትከሻ ሊይዝ ዘርግቶ ነበር።

"ስልኩ ነዋ። ሌላ ማን ይነግረኛል?" ዘውዴ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነበት። "ይኸው እይ። ነገ የለሁም። ሰኞ የለሁም። ማክሰኞም ረቡዕም የለሁም። ያንተ ስም አረንጓዴ፣ የደረጄ ስም አረንጓዴ፣ የእኔ ብቻ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ።"

መንግሥቱ የተዘረጋ እጁን ቀስ ብሎ ወደ መሪው መለሰ።

"እሱን ነው እንዴ?"

"እሱን ነው እንዴ? ሌላም አለ?"

"የለም። ሲስተሙ ነው። አንዳንዴ ይሳሳታል።"

"ሲስተሙ ተሳስቶ ከሆነ አንተን 'ማን ነገረህ' ምን አስባለህ?"

የዚህ መልስ የሚነገረው በማግስቱ ነው።

ዘውዴ የጠረጠረው ያለ ነገር አልነበረም። ዘመኑ በፈረንጅ 2016፣ ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ዓርብ፤ የወረቀት ትኬት የመጨረሻ ቀን። እስከዚያ ድረስ በቶሮንቶ ዙሪያ ጠጠር የሚያመላልስ ሹፌር ውሎው ሁሉ ካርቦን ባለው ባለ አራት ቅጠል ትኬት ላይ ነበር። ሚዛን ላይ ይቆረጣል፣ ሳይት ሲደርስ ፎርማኑ የመኪናውን አፍንጫ ጠረጴዛ አድርጎ ይፈርማል። አንዱ ቅጠል ሚዛን ይቀራል፣ አንዱን ሳይቱ ይወስዳል፣ አንዱ ለቢሮ፣ ሮዙ ለሹፌሩ። ዘውዴ ሮዞቹን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ በላስቲክ እያሰረ አስቀምጧል። እንግዳ መጥቶ ሻንጣውን አልጋ ሥር ላድርግ ቢል ቦታ የለም፤ አልጋው ራሱ የቆመው በጠጠር ደረሰኝ ላይ ነው እየተባለ ይታማል።

ከሰኞ ጀምሮ ግን ሁሉም በስልክ። ሲጫን አንድ ቁልፍ፣ ሲራገፍ ሌላ ቁልፍ፣ ፎርማኑም በጣቱ መስታወቱ ላይ ይፈርማል። የዘውዴ ጣት ደግሞ በብርድና በሸራ ገመድ የተላጠ ነውና ስልኩ አያውቀውም። በትንፋሹ እያሞቀ ይነካዋል፤ ስልኩ ዝም። ይልሰውና ይነካዋል፤ ያኔም ዝም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ነገሩ ለሙከራ ሲጀመር፣ እንዲሁ ሲታገል አንድ ሙሉ ሎድ ሳይመዘገብለት ቀርቷል። ቢሮውም አልለመደውም ለሚባለው ሹፌር ከዚህ በኋላ ሥራ እንደማይሰጥ በደብዳቤ አስታውቋል። አበሾቹን እንዲያስለምድ፣ ማን ዝግጁ እንደሆነና ማን እንዳልሆነም እንዲናገር የተመረጠው መንግሥቱ ነው፤ እንግሊዝኛውም ከሁሉም ይሻላል፣ ስልኩንም ከልጆቹ እየቀማ ተምሯል።

"እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ" አለ ዘውዴ። "አልቻለም አላልካቸውም?"

"ትንሽ ጊዜ ይሰጠው ነው ያልኩት።"

"ይኸው ሰጡኛ። አራት ቀን።"

ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። ዘውዴ ከደረጃው ወረደና ቀና ብሎ፣ "ይቺን ጭኜ ዌስተን አራግፍና ቢሮ እገባለሁ። ምክንያት ይጻፋል አሉ፤ የተጻፈውን ያሳዩኝ" አለ።

"ተው፣ ቢሮ አትሂድ።"

"ለምን?"

መንግሥቱ መስኮቱን መልሶ ዘጋና መኪናውን ወደፊት አንቀሳቀሰ።

የዘውዴ እህት አሰፋሽ ደሴ ላይ ማክሰኞ ሌሊት አርፋለች። እህት ማለቱ ለወጉ ነው፤ እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ የነበረውን ዘውዴን አዝላ ያሳደገችው፣ የራሷን ትዳር ያዘገየችውም ለእሱ ብላ ነው። በየጠዋቱ ወደ ካሌደን ሲወጣ ይደውልላታል፤ እዚያ እኩለ ቀን ይሆናል። ምን በላህ ትለዋለች፤ የሌለ ወጥ ይዘረዝርላታል። ከረቡዕ ወዲህ ግን ስልኩን የምታነሣው ልጇ ጸሐይ ናት። "እማዬ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" ትለዋለች። እንዲህ እንድትል የነገሯት ከቶሮንቶ ነው።

የነገሯት ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። የሰፈሩ መርዶ ሁሉ በአዛውንቱ አፍ ያልፋል፤ ሳይነጋ በሰው በር ላይ ከታዩ ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ረቡዕ ዕለት መንግሥቱን ጠርተው፣ "ሰው እንዲህ ያለ ነገር መሪ ይዞ አይሰማም" አሉት። "ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦም አይሰማም። ቅዳሜ ሳይነጋ፣ ሁላችንም ተሰብስበን እንነግረዋለን። አንተ ከሥራው ዕረፍት አስወጣለት፤ እስከ ረቡዕ።"

ይህ ለመንግሥቱ አዲስ ሥራ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት የደረጄ አባት የሞቱ ጊዜም ያስፈቀደው እሱ ነው። ያኔ መኪና የምትመድበው ሮዛ ትልቅ መዝገብ ነበራት። እርሳሷን አነሣች፣ ከደረጄ መኪና ቁጥር አጠገብ ትንሽ መስቀል አደረገች፣ ደረጄ ወደ መስኮቷ ሲመጣ መዳፏን ጫነችበትና "ነገ መኪናህ ፍተሻ አለባት" አለችው። ሮዛ ፖርቱጋላዊት ናት፤ ለምን ብላም አልጠየቀችም።

የዚህ ረቡዕ ግን መዝገቡ የለም። ሮዛ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አድርሳ የዘውዴን ሃያ ሰባት ቁጥር መኪና ፈለገች፣ አራቱን ቀናት ዘጋች፤ ኮምፒዩተሩ ቀላ። ምክንያት ሳይሞላ አያልፍም። ባዶ ሞከረች፤ ቀላ። ፍተሻ ብላ ሞከረች፤ የጋራዡ ቀጠሮ ቁጥር ጠየቃት። የቀረው ዝርዝር አጭር ነበር። እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ መንግሥቱን አየችው፤ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሮዛ "የቤተሰብ ሞት" የሚለውን ነካች፤ አለፈ።

"በሹፌሩ ስልክ ላይ አይታይም" ብላው ነበር። እውነቷን ነው፤ ስልክ ላይ ግራጫ ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ ግን የሹፌሮቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። እዚያ ላይ ምክንያቱም ይወጣል።

መንግሥቱ ጠጠሩን ጭኖ ከማውጫው እንደወጣ ወደ ቢሮ ደወለ። ያነሣው ወጣት ወንድ ነው።

"ሮዛን ፈልጌ ነበር።"

"ትናንት የመጨረሻ ቀኗ ነበር። ኬቨን ነኝ።"

መንግሥቱ ስትሰናበት ኬክ ይቆረጥላታል ብሎ ሲጠብቅ ነበር፤ ለካ ሴትዮዋም ከመዝገቧ ጋር አብራ ተነሥታለች።

"የሃያ ሰባት ቁጥር መኪና ምክንያት እንዲቀየር ፈልጌ ነው።"

"እሺ... የቤተሰብ ሞት ይላል። ተሳስቷል?"

"አልተሳሳተም።"

"ታዲያ ለምን ይቀየራል?"

"ሹፌሩ አያውቅም።"

"ምኑን?"

"እህቱ መሞቷን።"

"አንተ ግን ታውቃለህ።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከረቡዕ።"

"ሰር፣ ይሄ ሊጋል ነው?"

መንግሥቱ ሃያ ዓመት የሰበሰበውን እንግሊዝኛ አገላብጦ ፈተሸ፤ መርዶ የሚባለውን ነገር ለዚህ ልጅ የሚያስረዳበት አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘም። "የአገራችን ደንብ ነው" ብቻ አለው።

"ይቅርታ፣ አንዴ ከተቆለፈ እኔ አልቀይርም። ማናጀሩ ሰኞ ይመጣል።"

"እሺ፣ ሰውዬው ከመጣ አትንገረው። እባክህን።"

"እኔ ምንም አልነግረውም" አለ ኬቨን። "ስክሪኑ ላይ አለልህ።"

ቀጥሎ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ጋ ደወለ።

"ጋሼ፣ ልነግረው ነው። አልቻልኩም።"

"የለም፣ ልጄ። ቃል ተገባብተናል። ከስካርቦሮ ድረስ ሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሴቶቹም ጉድ ጉድ እያሉ ነው።"

"ከሥራ ያስወጣሁት መስሎታል። ቂም ይዞብኛል።"

"ቂሙ ለነገ ይደር። ነገ ሲሰማ ይቅር ይልሃል።"

"ስሙም ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ ጋሼ። የቤተሰብ ሞት ይላል።"

"መርዶ በቴሌቪዥን?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ሄደህ አጥፋዋ" አሉና ዘጉት።

ሚስቱ ውቢት ደግሞ ስትደውል ለነገው ምስር እየለቀመች ነበር። ነገሩን ሰምታ፣ "የመኪናውን ጎማ አስተንፍስበት" አለችው። "ካንተ ውሸት ይሻላል፤ አንተ ፊትህ ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል።"

የመንግሥቱ ጭነት ኖርዝ ዮርክ ለሚሠራ ሕንጻ ነበር። ጠጠሩን አራገፈ። ፎርማኑ ትኬቱን ፈርሞ ወዲያው አልሰጠውም። "የመጨረሻዋ ናት፣ አስቀምጣት፣ ለልጅ ልጆችህ ታሳያቸዋለህ" እያለ ሊጫወት ፈለገ። መንግሥቱ ሮዙን ከእጁ ነጥቆ ኪሱ ውስጥ ጨመደደው። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። አዲሱ ሲስተም የመኪኖቹን መገኛ በነጥብ ያሳያል፤ ሃያ ሰባት ቁጥር ነጥብ ከዌስተኑ ሳይት ወጥታ፣ ሁለት ጊዜ ታጥፋ፣ ወደ ኩባንያው ግቢ እያዘገመች ነው።

ነጥቧ ግቢው ውስጥ ስትቆም እሱ ገና ቀይ መብራት ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን ቀይ ያልነበረ መብራት አላጋጠመውም።

ሲደርስ ዘውዴ የሹፌሮቹ ክፍል አግዳሚ ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቱ ነው። ኬቨን ከመስታወቱ ጀርባ ስልክ እያናገረ ነበር። መንግሥቱን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በአንድ ጥግ አንድ ሕንዳዊ ሹፌር ሻይ ይጠጣል።

"መጣህ?" አለ ዘውዴ። "ልታስተረጉምልኝ ነው?"

"ና እንውጣ።"

"ልጁ ስልኩን ይጨርስ። እስከዚያ እዚህ ላይ ስሜን እየጠበቅሁ ነው። ቀኖቹ በየተራ ይመጣሉ።"

መንግሥቱ ማጥፊያ ፈለገ፤ የለም። ሶኬቱን ፈለገ፤ ኮርኒሱ ሥር ነው። የዓርብ ገጽ ሄደ፣ የቅዳሜ መጣ። ከላይ ወደ ታች በቁጥር ተራ ተደርድሯል፤ ሃያ ሰባት ላይ አንድ ቢጫ መስመር፣ በመስመሩ ጫፍም ጽሑፍ። መንግሥቱ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

"ዞር በል እንጂ።"

"እንውጣ አልኩህ።"

"የኔ መጥቷል መሰለኝ፤ ዞር በል።" ዘውዴ አንገቱን ወደ ግራ አሰገገ፤ መንግሥቱ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ አለ፤ መንግሥቱም ወደ ቀኝ። ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁለት ጎልማሶች የሚጫወቱ መስሎት ሳቀ።

"ስሜን አስወጣህ" አለ ዘውዴ እየተነሣ። "አሁን ደግሞ ጽሑፉን ልትከልለኝ ነው? እንጀራ በላን ከአንድ ትሪ፣ አንተ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት።"

ድምፁ ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻል ነበር። መንግሥቱ ከጀርባው ገጹ ሲቀያየር በዘውዴ መነጽር ላይ አየው፤ ሰኞ መጥቷል። ጋሽ ገብረ ክርስቶስን አሰበ፤ ከስካርቦሮ የሚመጡትን አሰበ፤ ምስሩን ሁሉ አሰበ። ቀጥሎ የወዳጁን ክንድ ያዘና ወደ ውጭ ጎተተው። ዘውዴም፣ ከመደነቁ የተነሣ ይሆናል፣ ተጎተተለት።

ግቢው ውስጥ፣ በሁለቱ መኪናዎች መካከል አቆመው።

"አልተባረርክም" አለው። "ዕረፍቱን የጠየቅሁልህ እኔ ነኝ።"

"ማን ጠይቅ አለህ?"

"ለአሰፋሽ ነው።"

"አሰፋሽ ምን..." አለ ዘውዴ።

"ማክሰኞ ሌሊት። ተኝታ ነው ያለፈችው አሉ። አልተሠቃየችም።"

ሰው ተሰብስቦ የሚያረዳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዘንተኛው ራሱን ሲጥል የሚይዘው ብዙ እጅ ያስፈልጋል። መንግሥቱ መሬቱን አየ፤ አስፋልት፣ በረዶ፣ የወዳደቀ ብረት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተዘጋጀ። ዘውዴ ግን አልወደቀም። ወደ ኋላ ሄደና የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ" አለ።

"አዎ።"

"አንተ መቼ ሰማህ?"

"ረቡዕ። ከምሳ በኋላ።"

ዘውዴ ቆቡን አገላብጦ ውስጡን ሲያይ ቆየ። "ረቡዕ ስልኩን ያስተማርከኝ ከምሳ በኋላ ነው።"

"አዎ።"

"ጣቴን ስልሰው ሳቅህብኝ።"

"ሳቅሁ።"

"እኔም ሳቅሁ" አለ ዘውዴ።

ኬቨን በመስኮት ብቅ አለና ተመለሰ። የዘውዴ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አውጥቶ አየው።

"ምን ይላል ይሄ?"

"የዌስተኑን ሎድ አራግፈህ እንደሆነ ነው የሚጠይቅህ። ተወው፣ እኔ እነካልሃለሁ።"

ዘውዴ ስልኩን ከእጁ አራቀበት። በጣቱ ነካው፤ ዝም። በድጋሚ ነካው። ጣቱን ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ አወረደው፣ በሱሪው ጠረገው፣ ነካው። አረንጓዴ ሆነ። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

"ጸበል ነው ያለችኝ ልጅቷ" አለ። "እኔም ስትመለሺ ጸበሉን በሰው ላኪልኝ በያት ብያታለሁ። እሺ አለችኝ። ምን ታድርግ።"

መንግሥቱ አሁን ማልቀስ የነበረበት እሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። ዛሬ ማታ እኔ ቤት እደር ሊለው አሰበ። እንዲህ ካለው ግን ነገ ያ ሁሉ ሰው ባዶ ቤት ሊያንኳኳ ነው። ብቻህን እደር ማለትም አይሆን። ሁለቱንም ዋጣቸው።

"ዘውዴ፣ ነገ... ጋሽ ገብረ ክርስቶስና ሰዎቹ ይመጣሉ። ሊነግሩህ የነበረው እሳቸው ናቸው። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል። እኔ ቀድሜ እንዳወጣሁት ካወቁ..."

ያፈረበት ቃል ነው፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም። ዘውዴ ቀና ብሎ አየው።

"ስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?"

"አሥራ አንድ ተኩል ላይ። ሳይነጋ።"

ዘውዴ የሚራገፍበት አድራሻ እንደተነገረው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ቆቡን አጠለቀ፤ የመኪናውን በር ይዞ ተነሣ።

"ታዲያ" አለ፣ "ተኝቼ ልጠብቃችሁ ወይስ ለብሼ?"